አልተቀየመችዎትም፤ የዘጋው ሰርቨሯ ነው

የተላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ስቶክሆልም ይኖራሉ፤ የአክስታቸው ልጅ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ። ሁለቱም ማስቶዶን የተባለውን ማኅበራዊ መረብ ይጠቀማሉ፤ ሰርቨራቸው፣ ማለትም አካውንታቸው የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ግን ይለያያል። «ለሁለት ዓመት የምትጽፈውን ሁሉ በየዕለቱ አነብ ነበር። ከአንድ ወር ወዲህ ድንገት ጸጥ አለች። ከምከተላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥም ስሟ ጠፍቷል፤ እኔ አላስወጣኋትም። ስሟን ስፈልግ ገጿ ይመጣል፤ የመጨረሻው ልጥፍ ግን ያለፈው ወር ነው። እንደገና ልከተላት ብዬ ብጫን ጥያቄዬ መልስ አጥቶ ተንጠልጥሎ ቀረ። አድራሻዋን በብራውዘር ስከፍት ደግሞ ትናንት የጻፈችው ሳይቀር ይታያል። ቪፒኤን ሞከርኩ፣ መተግበሪያ ቀየርኩ። የግል መልእክት ላክሁላት፤ ዝም አለች። ምን አስቀይሜያት ይሆን?»

አልተቀየመችም። የላኩላትን መልእክትም አላየችውም። ይህን የምልዎት እርስዎ ራስዎ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ተነሥቼ ነው። እሷ በግሏ አግዳዎት ቢሆን ኖሮ ማስቶዶን ነገሩን ለእርስዎ ሰርቨር ይነግረው ነበር፤ ገጿን ሲከፍቱም የቆዩ ልጥፎቿን ሳይሆን ገጹ እንደማይገኝ የሚገልጽ አጭር ቃል ያዩ ነበር። (ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩበት የአክቲቪቲፐብ ሰነድ የግል እገዳ ለታገደው ወገን ባይላክ ይሻላል ይላል፤ ማስቶዶን ግን ይልካል። አለመታዘዙ ዛሬ ጠቀመን።) የእርስዎ ሁኔታ ሌላ ነው፤ አሮጌው ገጽ አለ፣ አዲሱ አይመጣም፣ የመከተል ጥያቄውም «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚለው አጥቷል። ይህ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የሚታይ ምልክት አይደለም። ሁለት ሰርቨሮች ሲቋረጡ የሚታይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ልጥፍ ከእሷ ተነሥቶ እርስዎ ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ ላሳይ። ፌስቡክ ላይ ሁላችንም የምናነበው ከአንድ ድርጅት ማኅደር ነው። ማስቶዶን ግን ኦይገን ሮሽኮ የተባለ ጀርመን አገር የሚኖር የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ወስዶ በራሱ ሰርቨር ላይ ይተክለዋል፣ የራሱን ደንብ ያወጣል፣ አባላት ይቀበላል። በዚህ ረገድ እድርን ይመስላል፤ እያንዳንዱ የራሱ ዳኛና መተዳደሪያ አለው፣ የበላይ የሚባል ግን የለም። እነዚህን ሰርቨሮች የሚያግባባቸው ቋንቋ አክቲቪቲፐብ ሲሆን፣ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ሥሪ ሲ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 አጽድቆታል።

እርስዎ «ተከተል» የሚለውን ሲጫኑ ሰርቨርዎ ለእሷ ሰርቨር ይጽፋል፦ «የእኔ አባል የእናንተን አባል መከተል ይፈልጋል።» የእሷ ሰርቨር «ይሁን» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ እሷ በጻፈች ቁጥር ሰርቨሯ ልጥፉን በዲጂታል ፊርማ አትሞ የእርስዎ ሰርቨር ደጃፍ ላይ ባለው የመልእክት ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። የእርስዎ ሰርቨር ፊርማውን መርምሮ አንድ ቅጂ በራሱ ማኅደር ያስቀምጣል። ስልክዎ ላይ የሚያነቡት ያንን ቅጂ ነው፤ የእሷን ዋናውን አይደለም። ያለፈው ወር ልጥፎች አሁንም የሚታዩዎት ለዚህ ነው፤ ቅጂዎቹ የእርስዎ ሰፈር ውስጥ ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም። አዲስ የሚያመጣ ግን የለም።

ቪፒኤኑ ያልሠራበት ምክንያትም ከዚሁ ይወጣል። አገር ቤት የኖረ ሰው «ተዘጋ» ሲባል ወደ ቪፒኤን መሮጡ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ለወራት ሲቆዩ የተቆረጠው መንገዱ ነበር፤ ከተጠቃሚው ስልክ እስከ ድርጅቱ ሰርቨር ያለው መንገድ። መንገድ ሲቆረጥ ዞሮ መሄድ ያዋጣል፤ የቪፒኤን ሥራ ያ ነው። እዚህ ግን ከስልክዎ እስከ ሰርቨርዎ ያለው መንገድ ክፍት ነው። የተቋረጠው በሰርቨርና በሰርቨር መካከል ያለው የደብዳቤ ልውውጥ ነው፤ የእርስዎ ስልክ ደግሞ በዚያ ልውውጥ ውስጥ የለበትም። መተግበሪያ መቀየሩም ያው ነው፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

ፈረንጆቹ ለዚህ መቋረጥ የሚጠቀሙበት ቃል ከፌደሬሽን መውጣት እንደ ማለት ነው። በቀጥታ ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል ሳልወድ አንቀጽ 39 ውስጥ ስለምገባ፣ የሰርቨር እገዳ እያልኩ ልቀጥል።

እገዳ ደረጃ አለው። ለስለስ ያለው መገደብ ይባላል፦ የዚያ ሰርቨር ልጥፎች ሁሉም ከሚያየው የአደባባይ ሰሌዳ ይወጣሉ፤ ቀድሞ የሚከተላቸው ሰው ግን እንደ ወትሮው ያነባቸዋል። ከዚያ ሰርቨር አዲስ ተከታይ ሲመጣ እዚህ ያለው ሰው እየፈቀደ ያስገባዋል። ሁለተኛው ምስልና ቪዲዮ ብቻ አለመቀበል ነው፤ ይኸኛው ብዙ ጊዜ የተሠራበት በአንድ ትልቅ ሰርቨር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፒክሲቭ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፓዉ የሚል ሰርቨር ከፈተ። እዚያ ከሚለጠፉት ሥዕሎች አንዳንዶቹ በጃፓን ሕግ የማያስጠይቁ፣ በሌሎች አገሮች ግን ኮምፒውተር ላይ መገኘታቸው ብቻ የሚያስከስስ ነበሩ። ሰርቨር ቅጂ ያስቀምጣል ብያለሁ፤ አስተዳዳሪው ሥዕሉን በዓይኑ ባያየውም የእሱ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ጽሑፉን ተቀብለው ምስሉን ከበር መለሱ፤ ሌሎቹ ጨርሰው ዘጉ።

ሦስተኛው ሙሉ እገዳ ነው። አስተዳዳሪው የአንዱን ሰርቨር የዶሜይን ስም (የድረ ገጽ አድራሻውን) ይጽፋል፣ ከዝርዝሩ ውስጥ «አግድ» የሚለውን ይመርጣል፣ ያረጋግጣል። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ከዚያ ሰርቨር የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፈት ይጣላል፤ ቀድሞ የተቀመጡ ቅጂዎች ይሰረዛሉ፤ በሁለቱ ሰርቨሮች አባላት መካከል ያለ መከተል በሁለቱም አቅጣጫ ይበጠሳል። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው፤ እገዳው በማግስቱ ቢነሣ እንኳ የተበጠሰው ራሱ አይቀጠልም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተፈላልገው እንደገና መከተል ይኖርባቸዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ እንመለስ፤ የትኛው ወገን ነው የዘጋው? የእርስዎ አስተዳዳሪ ቢሆን ኖሮ ቅጂዎቹ ይሰረዙ ነበር፤ ስሟን ሲፈልጉም ባዶ ይመጣል። ገጿ አሁንም መገኘቱ የዘጋው የእሷ ሰርቨር መሆኑን ይጠቁማል። ስሟ ከዝርዝርዎ የጠፋው ደግሞ እንዲህ ነው። ሰርቨሯ ሲያግድ ለእርስዎ ሰርቨር አንድ የመጨረሻ መልእክት ልኳል፤ ይዘቱም ቀደም ሲል የተፈቀደው መከተል ተሽሯል የሚል ብቻ ነው። ምክንያት አልተጻፈበትም፣ «አግደናችኋል» የሚል ቃልም የለበትም። የእርስዎ ሰርቨር ሳይጠይቅ ተቀበለ፣ ስሟን አወጣ፣ ለእርስዎም አልነገረዎትም።

ጸጥታ ሁሉ እገዳ ነው ማለቴ አይደለም። ሰርቨር ይሞታል፤ የዶሜይን ስም ጊዜው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ማሊ በነጥብ ኤም ኤል የሚያልቁ ስሞችን አስተዳደር መልሳ በእጇ ስታስገባ ስማቸውን በድንገት ያጡ ሰርቨሮች ነበሩ። ማስቶዶን ራሱ ሰባት ቀን ሙሉ ሞክሮ ያልደረሰለትን ሰርቨር ከመላክ ይቦዝናል። በእርስዎ ዘንድ ግን ይህ አይሠራም፤ የእሷ ገጽ በብራውዘር ስለሚከፈት ሰርቨሯ በሕይወት አለ፣ የመላክ ችግር ብቻ ቢሆን ደግሞ ስሟ ከዝርዝርዎ አይወጣም ነበር።

ማስታወቂያ የሚደርሰው ካለ እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ከወጣው 4.3 እትም ጀምሮ ማስቶዶን እገዳ የፈጸመውን ሰርቨር አባላት ያሳውቃል፦ አስተዳዳሪያችሁ ይህን ሰርቨር አግዷል፣ ከተከታዮቻችሁ ይህን ያህል፣ ከምትከተሏቸውም ይህን ያህል አጥታችኋል ይላል፤ የጠፉትን ስሞች ዝርዝርም ማውረድ ይቻላል። ከዚያ በፊት ይህም አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህ ማስታወቂያ «እገሌ ልጥፍሽን ወደደ» ከሚሉት መካከል ተደባልቆ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል።

እገዳው ከታገደው ሰው ይልቅ የሚያደናግረው በመካከል ያለውን ነው። ፍራንክፈርት ያለች የጋራ ወዳጅ አለቻችሁ እንበል፤ ሰርቨሯ ሦስተኛ ነው፣ ከሁለታችሁም ጋር ይነጋገራል። ወዳጃችሁ «ለፋሲካ የት እንገናኝ?» ብላ ትጽፋለች። እርስዎ «እኔ ዘንድ፤ ዶሮው ከእኔ» ብለው ይመልሳሉ። ወዳጃችሁም «እሺ፣ እሁድ በስድስት ሰዓት» ትላለች። የአክስትዎ ልጅ ጥያቄውን ታያለች፣ «እሺ፣ እሁድ በስድስት ሰዓት» የሚለውንም ታያለች። ማን ምን ብሎ እሺ እንደተባለ ግን አታውቅም። ወዳጃችሁ ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ይመስላታል፤ አንዷ ግን የአንዱን ድምፅ አትሰማም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ወዳጃችሁ የአክስትዎን ልጅ ልጥፍ መልሳ ብታጋራ ለእርስዎ ሰርቨር የሚደርሰው የልጥፉ አድራሻ ብቻ ነው። የእርስዎ ሰርቨር በዚያ አድራሻ ሄዶ ዋናውን ልጥፍ ይጠይቃል፤ የእሷ ሰርቨር ደግሞ እንደ መጀመሪያው አሠራሩ ከተተወ ማን እንደጠየቀው ሳያጣራ ይሰጣል። ታግደው ሳለ አልፎ አልፎ ልጥፏ ሾልኮ ሊደርስዎት ይችላል ማለት ነው። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን እ.ኤ.አ. በ2019 ጥብቅ አሠራር ተጨምሯል፦ ልጥፍ የሚጠይቅ ሰርቨር ጥያቄውን በፊርማው ማተም አለበት፤ የታገደ ከሆነ ይመለሳል። አስተዳዳሪው ካላበራው ግን አይሠራም፤ ማሽኑ ላይም ተጨማሪ ሥራ ስለሚያመጣ የማያበሩት አሉ። ቢበራም በብራውዘር የሚከፈተውን ገጽ አይዘጋም፤ እርስዎ የትናንቱን ልጥፍ ያነበቡት በዚያ በኩል ነው። በአጭሩ የሰርቨር እገዳ ከመስማት ያድናል እንጂ ከመሰማት አያድንም። አጥቂዋን ለመሸሽ በሰርቨር እገዳ ብቻ የምትተማመን ሴት ስታጋጥመኝ ይህንኑ ደጋግሜ እነግራታለሁ፤ ለሁሉ ክፍት ያደረግሽው ልጥፍ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ለተከታዮችሽ ብቻ የላክሽው ግን ወደ ታገደ ሰርቨር አይሄድም።

የእገዳን ጠባይ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ማስቶዶን ሳይሆን ሌሚ ነው፤ እሱም በአክቲቪቲፐብ የሚነጋገር የውይይት መድረክ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ሬዲት በተባለው ትልቅ የውይይት ድረ ገጽ ላይ በተነሣው ቁጣ ብዙ ሰው ወደ ሌሚ ተሰደደ። ቢሃው የተባለ፣ አባል የሚቀበለው በማመልከቻ ብቻ የሆነ ሰርቨር ነበር። ሌሚ ወርልድ የተባለው ሌላ ሰርቨር ደግሞ በሩን ለሁሉ የከፈተ ነበር። ከዚያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ የቢሃው ጥቂት አስተዳዳሪዎች መቆጣጠር አቃታቸው፤ የነበራቸው መሣሪያም ሻካራ ስለነበር ጨርሰው ዘጉ። ቀጥሎ የሆነው ነው የሚገርመው። የቢሃው የውይይት ክፍሎች ቅጂ ሌሚ ወርልድ ላይ ቀርቶ ነበር። የሌሚ ወርልድ አባላት ምንም ሳይጠረጥሩ እዚያው ቅጂ ላይ መጻፍ ቀጠሉ፤ እርስ በርሳቸው ተወያዩ፣ ተከራከሩ። ከጽሑፉ አንዲት ቃል ቢሃው አልደረሰችም። ባለቤቱ ጥሎት በሄደ ቤት ውስጥ ድግሱ ቀጠለ፤ የእርስዎ የግል መልእክትም የደረሰበት ይህ ነው።

ሰርቨሮች ለምን ይዘጋጋሉ? አንዳንዱ ምክንያት አያከራክርም። ጋብ የተባለው የቀኝ አክራሪዎች መሰብሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 የማስቶዶንን ሶፍትዌር ወስዶ ሲገባ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ገና ከበሩ ዘጉት፤ አንዳንድ የስልክ መተግበሪያዎችም በእነሱ በኩል እንዳይገባ ከለከሉ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ስሬድስ የተባለውን መድረክ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲከፍት ደግሞ ከእነዚህ ሰርቨሮች ጋር ገና ሳይገናኝ እናግደዋለን ብለው የፈረሙ አስተዳዳሪዎች ነበሩ፤ የእነሱ ጉዳይ ከባለቤቱ ጋር እንጂ ከተለጠፈው ጋር አልነበረም። አብዛኛው እገዳ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰና አሰልቺ ነው፦ በሩን ከፍቶ የተኛ አስተዳዳሪ፣ በዚያ በር የገባ የማጭበርበሪያ መልእክት፣ ሪፖርት ተልኮለት የማይመልስ ሰርቨር።

እኔም በዚሁ ምክንያት ንጹሓንን ጎድቼ አውቃለሁ። ስልሳ ያህል አባላት ያሉት ትንሽ ሰርቨር አስተዳድር በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024፣ ባለቤት ከረሳቸው ትናንሽ ሰርቨሮች የሚነሣ የማስታወቂያ ጎርፍ መላውን መረብ አጥለቀለቀው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቡና ይዤ ዶሜይን በዶሜይን እዘጋ ነበር። ከአንዱ ስም ፊት ለፊት ያለውን ቅጥያ ሳልጽፍ ዋናውን ስም ብቻ ጽፌ «አግድ» አልኩ። ያ ዋና ስም በሥሩ ብዙ ሰርቨሮችን የሚያሳድር የአንድ አከራይ ድርጅት ስም ነበር፤ የማስቶዶን እገዳ ደግሞ ከሥር ያሉትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስሕተቴ ገብቶኝ አነሣሁት። አልጠቀመም። በደረቁ እርጥቡ ነድዷል፤ ጠዋት አሥራ አንድ አባላት ጓደኞቻቸው የት እንደገቡ ጠየቁኝ። ያኔ የጠፉትን የሚዘረዝረው ማስታወቂያ ስላልነበረ የምሰጣቸው ስም እንኳ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እገድባለሁ፤ ሙሉ እገዳ የምጥለው አንድ ሌሊት ካደርኩበት በኋላ ነው።

የሌላ ሰው የእገዳ ዝርዝር መገልበጥ ለእኔ የአስተዳዳሪ ስንፍና ነው። ከ4.1 እትም ጀምሮ አስተዳዳሪዎች ዝርዝራቸውን በፋይል አውጥተው ለሌላው መስጠት ይችላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኢሜይል ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ስፓምሃውስ የተባለ ድርጅት የሚያወጣቸውን የአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ዝርዝሮች የመልእክት ሰርቨሮች ይጠቀሙባቸዋል፣ ያለ እነሱ ሳጥናችን አይከፈትም ነበር። የኢሜይሉ ዝርዝር ግን ከመዝገቡ የሚወጡበት መንገድ አለው። የፌዲቨርሱ፣ ማለትም በአክቲቪቲፐብ የተያያዙት የእነዚህ ሰርቨሮች መረብ፣ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የለውም፤ ከአምስት ዓመት በፊት በሁለት አስተዳዳሪዎች ጠብ ምክንያት የገባ ስም ከፋይል ወደ ፋይል እየተገለበጠ ይኖራል። ለአዲስ ሰርቨር አጭርና በጣም የከፉትን ብቻ የያዘ ዝርዝር ይበቃዋል። የእርስዎ ሰርቨርም በዚህ መንገድ ገብቶ ቢሆን አይገርመኝም።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። የእሷን ሰርቨር ዋና አድራሻ በብራውዘር ይክፈቱና «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ይመልከቱ፤ የታገዱ ሰርቨሮች ዝርዝር ብዙ ጊዜ እዚያ አለ፣ ከጎኑም ምክንያቱ ይጻፋል። አንዳንድ አስተዳዳሪ ስሙን በከፊል በኮከብ ምልክት ይሸፍነዋል፤ አንዳንዱ ለአባላት ብቻ ያሳያል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አያወጣም። ምክንያቱን ካገኙ ለራስዎ አስተዳዳሪ ይላኩለት፤ ሰርቨሩ እንደታገደ ላያውቅ ይችላል፣ ለእሱም ማንም አልነገረውም። የእሷን አስተዳዳሪ መጠየቅ ያለባት ግን እሷ ናት። የራሱ አባል «ዘመዴን ቆረጥክብኝ» ብላ ስትጽፍለትና የማያውቀው ሰው ከታገደ ሰርቨር ሲጽፍለት አንድ አይደለም።

እምቢ ካለ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዛወራላችሁ። መዛወሩ ከባድ አይደለም፤ ማስቶዶን ተከታዮችን ወደ አዲሱ አካውንት ይወስዳል፣ የሚከተሏቸውንም ሰዎች ዝርዝር በፋይል አውርደው ይጭናሉ። የቆዩ ልጥፎችዎ ግን አሮጌው ቤት ይቀራሉ። እሷም ራሷ አትመጣም፤ ከእርስዎ ተከታዮች መካከል አንድ ጊዜ ስለወጣች አዲሱን አድራሻዎን ይዛ እንደገና መከተል አለባት። ከመግባትዎ በፊት የአዲሱን ሰርቨር የእገዳ ዝርዝር ያንብቡ፤ የእሷ ሰርቨርም አዲሱን አላገደ እንደሆነ ያረጋግጡ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ይደውሉላት፤ ምናልባት እሷም ወር ሙሉ ለምን ዝም እንዳሏት እያሰበች ይሆናል።